የባጃጁ 800 ብር ሁሉ የቤት ገንዘብ አይደለም

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ አካባቢ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ በግል ድርጅት የሚሠሩ የሁለት ልጆች እናት ናቸው፤ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ በወር 11,200 ብር እጃቸው ይገባል። ባለቤታቸው የራሳቸውን ባጃጅ ይነዳሉ። ቤንዚኑ ተነሥቶ በቀን 800 ብር ገደማ ይዘው ይገባሉ፤ እሑድ፣ የቤንዚን ሰልፍና መንገድ የሚዘጋበት ቀን ሲወጣ በወር 22 ቀን ያህል ይሠራሉ። «ኪራይ 5,000፣ የልጅ ትምህርት ቤት 1,800፣ መብራትና ውኃ 650፣ ስልክ 700፣ ለባለቤቴ እናት 1,000 ይወጣል። ዕቁብ በሳምንት 500 ነው፤ 40 ሰው ነን፣ ዕጣው ገና አልወጣልንም። ወር በገባ ቁጥር ለሱቅ ዱቤ 4,300 እከፍላለሁ፤ በ20ኛው ቀን ግን ቤት ውስጥ ገንዘብ የለም። ባለቤቴን ብጠይቀው ‹ቀኑ እንዲህ ነበር› ይለኛል» ይላሉ። ባለፈው ዓመት ለባጃጁ ጥገና፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ ቦሎና መድን ወደ 53,000 ብር ወጥቷል፤ ከዚህ ውስጥ 26,000ው በሐምሌ ሞተሩ ሲወርድ ከባለቤታቸው ወንድም የተበደሩት ነው። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ገንዘቡ የት ይገባል? ባለቤታቸው በሳምንት የ1,000 ብር ሁለተኛ ዕቁብ እንግባ ይላሉ፤ ይግቡ ወይ? ለአማታቸው የሚልኩትንስ ያቁሙ?

እህታችን፣ የላኩልን ቁጥር ግልጽ ስለሆነ መልሱንም በቁጥር እንጀምረው። ደመወዝዎ 11,200፤ የባጃጁ 800 ብር በ22 ቀን ሲባዛ 17,600፤ በድምሩ 28,800 ብር። የዘረዘሩት ወጪ፣ ዕቁቡን በወር 4 ሳምንት ይዘን፣ 15,450 ይመጣል። ቀሪው 13,350 ብር በደብዳቤዎ ላይ ስም የለውም። ጤፉ፣ ሽንኩርቱና ከሰሉ እዚያ ውስጥ እንዳለ እናውቃለን። ከዚያ ላይ ግን አንዱ ትልቅ ድርሻ የወጥ ቤቱ ሳይሆን የባጃጁ የራሱ ነው።

ባጃጅ በየቀኑ ገንዘብ እያመጣ በየቀኑ ያልቃል። ጎማው ይበላል፣ የፍሬን ሸራው ይሳሳል፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ባትሪው ይደክማል፤ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን በዓመት አንዴ ይመጣሉ፤ ሞተሩም አንድ ቀን መውረዱ አይቀርም። ወጪው በየቀኑ እየተጠራቀመ የሚጠየቀው ግን በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ በሌላው ቀን 800 ብሩ ሙሉ በሙሉ የቤት ገንዘብ ይመስላል። 53,000ውን ለዓመቱ 264 የሥራ ቀን ያካፍሉት፤ በቀን 200 ብር ገደማ ነው። እንግዲህ ቤት የሚገባው 600 እንጂ 800 አይደለም፤ የወሩ እውነተኛ ገቢያችሁም 24,400 ብር ነው። በየወሩ 4,400 ብር የባጃጁን ገንዘብ እንደ ራሳችሁ ገንዘብ ስትበሉ ከርማችሁ፣ ሐምሌ ላይ ባጃጁ ሲጠይቅ ከሰው ተበደራችሁ። ባለቤትዎ ገንዘብ የደበቁ አይመስለንም። «ቀኑ እንዲህ ነበር» ያሉትም እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም፤ ዘይት የቀየሩበት ወይም ጎማ ያስጠገኑበት ቀን ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚለየው የባጃጁ ድርሻ ነው። በባለቤትዎ ስም ለባጃጁ ብቻ የሚሆን ሒሳብ ይከፈት፤ ባንክም ቴሌብርም ቢሆን ግድ የለም፣ ከሌላው ገንዘብ ጋር አይቀላቀል እንጂ። ማታ፣ ቤት ከመግባታቸው በፊት፣ ቤንዚን ተነሥቶ ከቀረው ሩቡን ያስገቡ፦ 800 ካለ 200፣ 500 ካለ 125። ቁርጥ ያለ 200 ብር ሳይሆን ሩብ ያልነው በምክንያት ነው። ቁርጥ ያለ መጠን በደካማ ቀን ይከብዳል፤ የከበደ ቀን ይዘለላል፤ አንድ ጊዜ የተዘለለም ልማድ ይሆናል። ከዘይት ጀምሮ እስከ መድን ድረስ የባጃጁ ወጪ ሁሉ ከዚህ ሒሳብ ብቻ ይከፈል። ሒሳቡ 30,000 ሲደርስ «በዛ» ብላችሁ ለበዓል እንዳትነኩት፤ ያ የሚቀጥለው ሞተር ገንዘብ ነው።

ባጃጅ ላይ ገንዘብ እናድናለን ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው የዘይት ወጪ ነው፤ ከሁሉ የሚከፋውም ቁጠባ እሱ ነው። ያረጀ ዘይት ይቀጥንና ብረትን ከብረት ያፋጫል፤ ፒስተኑና ቀለበቶቹ ሲበሉ ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ማውጣት፣ ዘይት መጨረስና ጉልበት ማጣት ይጀምራል። ያኔ የጥቂት መቶ ብር ዘይት ያተረፈ ሰው 26,000 ይከፍላል። በበጋ የውስጥ ለውስጡ መንገድ አቧራ ነውና የአየር ማጣሪያው በየሳምንቱ ይራገፍ። ጎማው በቂ ንፋስ ይኑረው፤ የላላ ጎማ ቶሎ ይበላል፣ ቤንዚንም ይጨርሳል። ባለቤትዎ ቤንዚን በቀዱ ቁጥር የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንና የቀዱትን ሊትር ይጻፉ። በአንድ ሊትር ይሄዱ የነበረው ኪሎ ሜትር በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ እየወረደ ከሄደ ካርቡራተሩ፣ ካንዴላው ወይም የቫልቩ ልክ ተዛብቷልና በትንሽ ወጪ የሚስተካከለው ያኔ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን መግዛት ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ዋጋው እጥፍ ነው፣ ውኃ ወይም ናፍጣ ከተቀላቀለበትም ካርቡራተሩ ይታጠባል። እሱን ገዝቶ ከመሥራት የሰልፉን ቀን መቀበል የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ 22 ቀን ብለን የያዝነውም ለዚሁ ነው።

አንድ ደብተር ይኑራችሁ፤ ማታ ማታ ባለቤትዎ አራት ቁጥር ብቻ ይሙሉበት፦ ጠቅላላ ገቢ፣ ቤንዚን፣ ለባጃጁ የገባው፣ ለቤት የቀረው። እርስዎም የወጥ ቤቱን ወጪ በዚያው ደብተር ይጻፉ። እሳቸው ብቻ ጽፈው እርስዎ የሚያዩ ከሆነ ደብተሩ መቆጣጠሪያ ይሆንና ሳምንት ሳይሞላው ይተዋል፤ ሁለታችሁም ስትጽፉ ግን የቤቱ ደብተር ይሆናል።

አሁን ቀሪውን እንደልድል። እንዲህ ዓይነት ቤት የሚቸገርበት ዋናው ምክንያት በወር የሚገባውና በቀን የሚገባው ገንዘብ መቀላቀሉ ነው። ወርኃዊው ገንዘብ ወርኃዊውን ይክፈል፤ የዕለቱ ገንዘብ የዕለቱን ይቻል። ከደመወዝዎ ኪራይ 5,000፣ ትምህርት ቤት 1,800፣ መብራትና ውኃ 650፣ ለአማትዎ 1,000፣ ስልክ 500 (200 ብሩን የወር ጥቅል በመግዛት ይቀንሱት፤ የቀንና የሳምንት ጥቅል እያከታተሉ መግዛት ይበዛል) ሲወጣ 8,950 ይሆናል። ቀሪው 2,250 ነው። የዚህ ግማሽ ያህሉ ለአራት ወር ለሱቁ ዱቤ ይሄዳል።

ዱቤው እንዴት እንደያዘዎት እዩት። ወር በገባ 4,300 ሲከፍሉ የሚከፍሉት ባለፈው ወር የተበላውን ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ወር እጅዎ ባዶ ይሆንና እንደገና ያስጽፋሉ። በሱቁ ሒሳብ አንድ ወር ወደ ኋላ ቀርታችኋል ማለት ነው፤ ዱቤውን በየወሩ ሙሉ መክፈል ይህን አያስተካክለውም። ባለሱቁን ያነጋግሩ፦ «የድሮውን ሒሳብ እዚህ ላይ እንዝጋው፤ በየወሩ 1,075 ብር በአራት ጊዜ እከፍላለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ የምወስደውን በእጅ በእጅ እገዛለሁ» ይበሏቸው። አብዛኛው ባለሱቅ ይህን ይቀበላል፤ ደንበኛ እንዳይሸሽ የሚፈልገው እሱ ነውና። በአምስተኛው ወር 1,075ቱ ነፃ ይወጣል። ልጆች እየተላኩ የሚያስጽፉት ነገር ካለ ደብተሩ መዘጋቱን ለባለሱቁ በግልጽ ይንገሩ፤ ዱቤ የሚመለሰው በዚያ በር ነው። በቴሌብር «እንደኪሴ» ጎደሎን እየሞሉ መክፈልም ስሙ ተለየ እንጂ ዱቤ ነው፣ የአገልግሎት ክፍያም አለበት፤ እነዚህን አራት ወራት አይንኩት።

ከደመወዙ የቀረው 1,175 ብር የክፉ ቀን ነው። ከዘወትሩ ሒሳብዎ በተለየ የቁጠባ ሒሳብ፣ ካርድና የስልክ አገልግሎት ሳያወጡበት፣ ደመወዝ በገባ ዕለት ያስገቡት። መጀመሪያ የሚደርሱበት ግብ የአንድ ወር ኪራይ ነው፤ አምስት ወር አይፈጅም።

የባጃጁ ሩብ ከተነሣ በኋላ የቀረው በወር 13,200 ብር ነው። ይህን በሳምንት ያስቡት፤ ዓመቱ 52 ሳምንት ነውና በሳምንት 3,046 ይሆናል። (ዕቁቡን በወር 2,000 ብለን ከያዝነው ስሕተት ይገባል፤ 500 በ52 ሳምንት 26,000 እንጂ 24,000 አይደለም፤ ብዙ ቤት ያላወቀው የ2,000 ብር ጉድለት እዚህ ጋ አለ።) ከ3,046ቱ 500 ለዕቁብ፣ 2,000 ለወጥ ቤት፣ የቀረው 546 ብር ለዓመቱ ትልልቅ ወጪ። የወጥ ቤቱ 2,000 ብር ዓርብ ማታ በአንድ ቦርሳ ይቀመጥ፤ ቅዳሜ ገበያ ይወጣበት፤ ከግማሽ የሚበልጠው ቅዳሜ ይለቅ፣ ቀሪው እስከ ዓርብ ለቲማቲም፣ ለዳቦና ለወተት ይብቃ። ረቡዕ ላይ ካለቀ ከሌላ ቦርሳ አይጨመርበት፤ ቤት ያለው ሽሮና ምስር ይሠራ። ሁለት ሦስት ሳምንት ይከብዳል፤ ከዚያ ገበያው ራሱ ይስተካከላል።

ጤፍ ላይ ብዙ እንቆይ፤ የወጥ ቤታችሁ ትልቁ ገንዘብ እሱ ነውና። የተፈጨ ጤፍ በ5 ኪሎ ከባልትና እንደሚገዙ ጽፈዋል። በዚያ ዋጋ ውስጥ የነጋዴው ትርፍ፣ ማበጠሪያው፣ ማስፈጫውና ላስቲኩ አለ፤ ምን እንደተቀላቀለበትም አያዩትም። ጤፍ የሚወቃው ከኅዳር እስከ ጥር ስለሆነ ገበያው የሚረግበው በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ከሰኔ በኋላ ይወጣል፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ይብሳል። ስለዚህ የሚገዛው ጥር ላይ ነው። ባለቤትዎ ባጃጅ ስላላቸው ማመላለሻው የቤንዚን ብቻ ነው፤ ይህን ዕድል ሌላው ቤት የለውም። ከመግዛትዎ በፊት ከጆንያው መሐልም ከሥርም አንድ እፍኝ ያስወጡና ነጭ ጨርቅ ላይ ያፍስሱት፤ ላዩ ንጹሕ ሆኖ ሥሩ አፈርና ገለባ የሚሆንበት ጆንያ አለ። ሲያበጥሩት ከ100 ኪሎ የወጣውን ንጹሕ ጤፍ ይመዝኑ። ከዚያ የኩንታሉን ዋጋ፣ ማበጠሪያውን፣ ማስፈጫውንና ቤንዚኑን ደምረው ለንጹሑ ኪሎ ያካፍሉ፤ ከባልትናው ኪሎ ጋር የሚወዳደረው ይህ ቁጥር ነው፣ የጆንያው ላይ ዋጋ አይደለም። አንድ ጊዜም የሚያቦኩትን ዱቄት መዝነው የወጣውን እንጀራ ይቁጠሩ፤ የአንዷን እንጀራ ዋጋ ያኔ ያውቁታል፣ ከውጭ የተጋገረ መግዛት ያዋጣ እንደሆነም ይለያል።

ጤፍ በብዛት መግዛት የማያስፈራው ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ የማይገባበት በመሆኑ ነው። ጆንያው ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ጠላቱ እርጥበትና አይጥ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራና በቆሎ ግን እንዲህ አይደሉም፤ በባሕር ዳር ሙቀት በሁለትና በሦስት ወር ነቀዝ ይበሳቸዋል፤ ከሁለት ወር ፍጆታ በላይ አይግዙ። ጤፉን በአንዴ አያስፈጩት፤ ዱቄት እርጥበት ይስባል፣ ሽታውም ይለወጣል፤ በየሦስት ሳምንቱ የሚበቃውን ብቻ ይውሰዱ። ዓይነቱም ገንዘብ ነው፦ ከማኛና ከነጭ ይልቅ ሰርገኛው ይረክሳል፣ በእንጀራነቱም አያንስም። በጣና ዙሪያ እንደተለመደው የፎገራ ሩዝ መቀላቀልም ያዋጣል፤ ከአራት እጅ አንድ እጅ ከሆነ እንጀራው አይለወጥም፣ ግማሽ ሲደርስ ግን በማግሥቱ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ዳጉሳ በትንሹ ቢገባ መልኩን ያጠቁረዋል እንጂ ጥሩ ነው።

ጥር ላይ ለሙሉ ኩንታል ካልደረሳችሁ ግማሽ ኩንታል ይበቃል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከወጥ ቤት 2,000 ብር ላይ ለጤፍ ይወጣ የነበረው ይተርፋል፤ ያንን «ተረፈ» ብለው ከበሉት ቀጣዩ ጤፍ እንደገና በ5 ኪሎ ይሆናል። ለቀጣዩ ጤፍ ለብቻ ያኑሩት። ባንኮች ለቁጠባ ቢያንስ 7 በመቶ በዓመት ይከፍላሉ፤ 12,000 ብር ከጥር እስከ ነሐሴ ባንክ ቢቀመጥ 490 ብር ያህል ይወልዳል። የጤፉ ኩንታል በእነዚያው ወራት 1,500 ብር ቢጨምር፣ ጆንያውን የገዛ ሰው ከሦስት እጥፍ በላይ አተረፈ። ለሚበላ ነገር የሚሆን ገንዘብ ካላችሁ ወቅቱን ጠብቆ እህል መግዛት ከባንኩ ወለድ ይበልጥባችኋል ብለን እናምናለን። ለክፉ ቀን የሚሆነው ግን ብሩ በብርነቱ ይቀመጥ፤ ልጅ ሲታመም ጤፍ ሐኪም ቤት አይወሰድም።

ሌላውን ባጭሩ። በርበሬ ከታኅሣሥ በኋላ እስከ የካቲት ይግዙ፤ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በኩል የሚመጣው ያኔ ይበዛል። ዛላውን ጨብጠው ያራግፉት፤ ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል፣ ዝም ካለና ከተለጠጠ ክብደት እንዲያነሣ ውኃ ተረጭቶበታል፤ የሻገተውን ደግሞ ርካሽ ቢሆንም አይንኩት። ሽንኩርት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይረክሳል፤ አንገቱ የደረቀውን መርጠው በወንፊት ወይም በአልጋ ሽቦ ላይ ዘርግተው ያቆዩት፣ ክረምት ሲገባ ግን ይበቅላልና ከሁለት ወር በላይ አያስቡት። ከሰል ዝናብ ሳይጀምር ግንቦት ላይ በመዳበሪያ ይገዛል፤ በክረምት በፌስታል የሚገዛው እርጥብ ስለሆነ ለውኃ ነው የሚከፈለው። «ላቀች» የሚባለው የከሰል ምድጃ ከሌለዎት ይግዙ፤ ከቆርቆሮው ምድጃ ከሰል ይቆጥባል። ዓሣ ሲገዙ ሙሉውንና የተበለተውን በአንድ ዋጋ አያወዳድሩ፤ ከቆሮሶ የሚወጣው ሥጋ የክብደቱ ሲሶ ያህል ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሥጋው ብቻ በኪሎ ከሙሉው ሦስት እጥፍ በታች ከሆነ ረክሷል። ራሱንና አጥንቱን ለሾርባ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ሙሉው ይሻላል።

ሽሮ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን። ገንዘብ ሲጠፋ ሽሮው ጓያ ይበዛበታል፤ በጎጃምና በጎንደር ከጥራጥሬው ሁሉ ርካሹ እሱ ነውና። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያመጣል፤ በሽታውም አይመለስም። ከአተር፣ ከሽምብራና ከባቄላ ጋር በትንሹ ቢገባ እንኳ ሌሊት በብዙ ውኃ ዘፍዝፈው ውኃውን ከደፉ በኋላ ይቁሉት፤ ለልጆች ሽሮ ግን አያስገቡት። እዚህ ላይ የሚቆጠብ ብር የለም።

መብራት በኪሎዋት ሰዓት ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይጨምራል፤ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው። ቆጣሪው ከአከራይና ከሌሎች ተከራዮች ጋር የጋራ ከሆነ የሁላችሁ ፍጆታ ተደምሮ ወደ ውዱ እርከን ይወጣል፤ በእኩል ተካፍላችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ምጣድ የሌለው ለምጣድ ከፋይ ነው። በየወሩ የሚደጋገም ልዩነት ስለሆነ አከራይዎን ለየብቻ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ስለማስገባት ያነጋግሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ለማሞቅ ብቻ የሚፈጀው ብዙ ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ሦስት አራት እንጀራ ከመጋገር በአንዴ የአራት ቀኑን ይጋግሩ። በባሕር ዳር ሙቀት ከዚያ በላይ የቆየ እንጀራ ይሻግታልና የሳምንቱን በአንዴ መጋገር የሚያዋጣ ይመስላል እንጂ የሚጣለው ይበዛል። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ ምጣዱን አጥፍተው በግለቱ ማውጣት ይቻላል።

በየሳምንቱ የቀረው 546 ብር በዓመት 28,392 ይሆናል። ይህ ለበዓል፣ ለትምህርት ቤት መመዝገቢያ፣ ለልብስና ለጤፍ መጨመሪያ ነው። በተለይ ለጳጉሜን ያስቡት። ከነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም ደመወዝ 35 ቀን ነው፣ በየአራት ዓመቱ 36፤ እነዚህ ተጨማሪ ቀናት ደመወዝ የላቸውም፣ እህል የሚወደድበት፣ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛበት፣ እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውልበትም ያው ጊዜ ነው፤ የባጃጁም ገቢ በዝናቡ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ያጠራቀሙትን 546 አይንኩት፤ ለነሐሴና ለመስከረም ይቆይ። ለገናና ለፋሲካ ሥጋ ከፈለጉ በግ ከመግዛት ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ይግቡ፤ የፋሲካውን ቅርጫ ድርሻ ከዐቢይ ጾም መጀመሪያ አንሥቶ በየሳምንቱ ቢያስቀምጡት 55ቱ ቀን የቅቤና የሥጋ ወጪ ከሌለበት ጊዜ ስለሆነ አይሰማዎትም።

ስለ ሁለተኛው ዕቁብ፦ አይግቡ። በሳምንት 1,000 ብር ሊገባ የሚችለው ከ546 ብር ላይ አይደለም፤ ወይ ከወጥ ቤቱ ወይ ከባጃጁ ሩብ ይወጣል፣ ሁለቱም ወደ ዱቤ ይመልሱዎታል። ዕቁብ ዕጣው ቀድሞ ለወጣለት ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ ለመጨረሻው ግን ገንዘቡ ተቀምጦ ዋጋው የሚቀንስበት ነው። የያዛችሁትን ግን አታቋርጡ፤ ዳኛው መዝገብ መያዙን፣ ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ዋስ ማምጣታቸውን ብቻ ያረጋግጡ። ዕጣው ዘግይቶ ሊወጣላችሁ ከሆነና ጥር ላይ ጤፍ መግዣ ከፈለጋችሁ፣ ወጥቶለት የማይቸኩል አባል ካለ ተራ እንዲለዋወጣችሁ ይጠይቁ። ተራ በገንዘብ መግዛትን ግን አንመክርም፤ የሚቆረጠው ጤፉ ያስገኘውን ትርፍ ይበላዋል።

ለአማትዎ የሚሄደውን 1,000 ብር አያቁሙ። ከ24,400 ላይ ከ25 ብር አንድ ብር ነው፤ እሱን ማቋረጥ ቤቱን አያድነውም፣ ባለቤትዎንም ከደብተሩ ያርቃቸዋል። ይልቅ ገጠር ያሉ ከሆነ ከአውድማ በሚነሣበት ጊዜ ጤፉን እሳቸው እንዲገዙላችሁ ይጠይቋቸው፤ የአገሩን ዋጋና የማሳውን ጤፍ ከሩቅ ነጋዴ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ገንዘቡን በሙሉ አስቀድመው ይላኩ፣ ማስጫኛውንም ጨምረው፤ በዱቤ አያስገዟቸው።

የቀረው የወንድማቸው 26,000 ነው። ዕጣው ሲወጣ 20,000 ብር ትቀበላላችሁ፤ በዚያው ቀን 10,000 ለወንድም ይሰጥ፣ 10,000 ለጤፍ ይሁን። ቀሪው 16,000፣ የሱቁ ዱቤ ካለቀበት ከአምስተኛው ወር ጀምሮ በየወሩ 1,075 ይከፈል፤ ኪራዩን የሚያህል የክፉ ቀን ገንዘብ ከሞላ በኋላ 1,175ቱም ይጨመርበትና በወር 2,250 ይሁን። ባለቤትዎ ይህን እንዳለ ለወንድማቸው ዛሬውኑ ይንገሩ፣ ወሩንና መጠኑን ለይተው። አበዳሪ ዘመድ ቀን ካወቀ ይታገሣል፤ ቀን ያልተነገረው ግን በሰው ፊት መጠየቅ ይጀምራል፣ ያኔ ከባጃጁ ሒሳብ አውጥታችሁ ለመክፈል ትገደዳላችሁ።